ወረቀት ላይ የተወጋችው ልጅ

ጤና ጣቢያው በር ላይ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ተሰቅሏል። እማማ የትነበርሽ ፊደል አያውቁም፤ ምን እንደሚልም አልጠየቁም። ልጃቸው ዓይናዲስ ግን ሳትጠየቅ አነበበችው።

«‹በቀበሌያችን ያልተከተበ ሕፃን የለም፤ መቶ በመቶ› ይላል።»

«ሸጋ ነው» አሉ፣ ያቀፏትን የልጅ ልጃቸውን ዝማሬን አስተካክለው። «ይህችን ታዲያ ከየትኛው አገር ቆጠሯት?»

ዝማሬ ክርስትና ከተነሣች ገና ሳምንቷ ነው። ሴት ናትና ሰማንያ ቀን ሙሉ ከአራስ ቤት ንቅንቅ አላለችም፤ እማማ የትነበርሽ ባሉበት ቤት ሥርዓት አይጓደልም። አሁን ግን ከዛሪማ ገበያ ትክትክ የሚሉት ሳል መጥቶ፣ የጎረቤታቸው የአዳሙ ጨቅላ ትንፋሽ አጥሮት ጎንደር ተወስዷል። ሳሉ አንድ አጥር ብቻ ቀርቶታል።

ከሦስት ቀን በፊትም መጥተው ነበር። ነርሷ ጽጌሬዳ ካርዱን ገልብጣ አየችና፣ «እማማ፣ ልጅቷ እኮ በአርባ አምስት ቀኗም በሰባ አምስት ቀኗም ተወግታለች። ለሦስተኛው ገና ሦስት ሳምንት ይቀራታል» አለቻቸው።

«ማን ወጋት?»

«ካርዱ ከታቢው በላቸው ይላል።»

«በላቸውማ ከአጥሬ ውጭ ነበር የቆመው። ክንዱ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የረዘመ?»

ጽጌሬዳ ሳቀች፤ መርፌው ግን አልተነሣም። ሪፖርቱ ሄዷል፣ ከካርዱ ወጥቼ ብወጋ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ አለች።

በላቸው የቀበሌው ከታቢ ነው፤ ዲያቆንም ነው። አራስ ቤት የገባ ቤተ ክርስቲያን አይገባምና፣ ሁለቱንም ጊዜ በቅዳሴ ዋዜማ መጥቶ ከአጥሩ ማዶ ተጣራ። «ልጅቷን ያውጡልኝ» ሲል እማማ የትነበርሽ «ሰማንያዋ ሳይሞላ ደጅ አትወጣም፤ ሂድ» ብለው መለሱት። እሱም ካርዱን በአጥር ተቀብሎ ጫር ጫር አደረገና መልሶ ሰጣቸው። «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ የጻፈ መስሏቸው ለአራሷ ለዓይናዲስም ሳያሳዩ ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። የማያውቁትን መጠየቅ አልፈጠረባቸውም።

ዛሬ ታዲያ መቶ በመቶውን ሊያከብሩ የጤና ቢሮ እንግዶች ከጎንደር መጥተዋል። ድንኳን ተተክሏል፣ በግ ታርዷል፣ በላቸው ሱፍ ለብሶ የምስክር ወረቀቱን ይጠብቃል። እማማን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ ዛሬ እንግዳ አለ። ነገ ብቅ ይበሉ።»

«ትክትክንም ነገ ና ብለኸዋል?»

«ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል።»

«እንዲሰማ አይደል በዚህ ዕድሜዬ ዳገት የወጣሁት።»

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ዶክተር የዓለምወርቅ የተባለች፣ ከወንበሯ ተነሥታ «ምነው እናቴ፣ ምን ገጠመዎት?» አለች። እማማ የዝማሬን ክንድ ከመጠቅለያው አወጡ፤ ልሙጥ ነበር። ቀጥለው የዓይናዲስን እጅጌ ሰበሰቡና ከመጀመሪያው ክትባት ጋር ክንድ ላይ የሚወጋው የሳንባ ነቀርሳ መርፌ በልጅነቷ የተወላትን ጠባሳ አሳዩ።

«እኔ ወረቀት አላነብም፤ ክንድ ግን አነባለሁ። ይህ የተወጋ ክንድ ነው። ያ ደግሞ ወረቀት ላይ የተወጋ።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በላቸው ላቡን ጠረገ። «ዶክተር፣ ከአጥር የመለሱኝ ራሳቸው ናቸው። ይጠይቋቸው።»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ አሮጊቷ ዞረ። እማማ የትነበርሽ በሰባ ዓመታቸው አንድ ቀን «አጠፋሁ» ብለው አያውቁም፤ ባላቸው ይህችን ቃል ሲጠብቁ ነው የሞቱት ይባላል። «አልመለስሁትም» ቢሉ የሚያምናቸው አይጠፋም ነበር። ግን ካርዱ እንዳለ ይቆይ ነበር፤ ዝማሬም ከሁለት ሳምንት በላይ ትጠብቅ ነበር።

«መልሼዋለሁ» አሉ። «አጥፍቻለሁ። እኔ ያልተማርሁ አሮጊት ነኝ፣ በሬን ዘጋሁ። እሱ የተማረው ደግሞ የዘጋሁትን በር በእስክሪብቶ ከፍቶ ገባ። የማን ጥፋት ይበልጣል ስትሉ መሽቶ ይነጋል፤ ልጅቷን ውጉልኝ።»

በዚህ ቢበቃቸው ደግ ነበር፤ አልበቃቸውም። «ወንዶቹን ተዉአቸው፤ በአርባ ቀናቸው ይወጣሉ። የሴቶቹን ክንድ ግለጡ።»

ለበዓሉ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት እናቶች እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ አንዲቱ፣ ቀጥላ ሌላዋ የሴት ልጇን ክንድ አወጣች። ልሙጥ። አሁንም ልሙጥ። ዶክተሯ ስድስተኛዋ ላይ መቁጠሩን ትታ፣ ጽጌሬዳን መድኃኒቱን እንድታመጣ አዘዘቻት። የምስክር ወረቀቱ ከቦርሳ ሳይወጣ ቀረ፤ የበጉም ወጥ ቀዘቀዘ።

ዝማሬ ስትወጋ ድንኳኑን በለቅሶ ሞላችው። እማማ በበላቸው አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ሰማህ፣ ዲያቆን? የተወጋ ልጅ እንዲህ ነው የሚያለቅስ። ያንተዎቹ ዝም ማለታቸው ሊገርምህ ይገባ ነበር። ከእንግዲህ ከአጥር አትጣራ፤ ግባና ውጋ። አንድ ቀን ቅዳሴ ቢያመልጥህ ከውሸት ይሻልሃል።»

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ካርዱን ከጉያቸው አውጥተው ለዓይናዲስ ሰጧት።

«እስቲ ነርሷ ምን እንደጻፈች አንብቢልኝ።»

ዓይናዲስ ቀጥ ብላ ቆማ አየቻቸው።

«ምን ያስፈጥጥሻል? አንብቢ።»