ከካምሻፍቱ ጋር ያልደረሰው ሞላ

ሁለቱ ወንድማማቾች ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ጋራዥ ሲሠሩ ታላቅየው ዕቃ ይመርጣል፣ ታናሽየው ይገጥማል። ታላቅየው ካምሻፍት የሚባለውን የሞተር ዘንግ ሲመርጥ ልጁን እንደሚድር አባት ነው የሚያጣራው፤ ቫልቩን ምን ያህል ይከፍታል፣ መልሶ የሚዘጋው ሞላስ ይችለዋል ወይ እያለ ሻጩን አሳሩን ያበላዋል። ታናሽየው ደግሞ እጀ ፈጣን ነው፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ቢሆንም ወንድሙ «ይስማማል» ያላለውን ዕቃ አንድም ቀን ገጥሞ አያውቅም።

ታላቅየው አልጋ ላይ ከዋለ ሦስት ወሩ ነው። ሐኪሙ ታናሽየውን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው» አለው። ለበሽተኛው እንዳይነገር ቤተሰቡ ተማከረ።

ጋራዡ ጥግ ላይ፣ ታላቅየው ሞተሯን አጠነክራለሁ ብሎ ዓመት ሙሉ ዕቃ የለቀመላት አሮጌ መኪናው ቆማለች። ታናሽየው አንድ ቀን እንኳ በእሷ ሊያንሸራሽረው ቆረጠ። አዲሱ ካምሻፍት ደርሷል፤ አብሮት የታዘዘው ጠንካራ ሞላ ግን ወር ይቀረዋል። ወር ከየት ይምጣ? ቀስ ብዬ እነዳታለሁ ብሎ ራሱን ሸነገለና በአሮጌው ሞላ ገጠመው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሙን ደግፎ መኪናዋ ውስጥ አስገባው። ሞተሩ ሲነሳ የዚያ የከሳ ሰው ፊት ሲበራ ማየት አንጀት ይበላል።

«ምን እንደ ሬሳ መኪና ታዘግማለህ? እርገጣት እንጂ!»

እምቢ ማለት አቃተው። ረገጣት። ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ጮኸ፤ ከዚያ ደረቅ ኳኳታ ተሰማ፣ ቀጥሎም ጸጥ አለ። የደከመው ሞላ ቫልቩን በጊዜ ስላልመለሰው ፒስተኑ መጥቶ መትቶታል። መኪናዋ እየተንፏቀቀች መንገድ ዳር ቆመች።

ታላቅየው ኮፋኖ ማስከፈት አላስፈለገውም። «ሞላውን አልቀየርከውም።»

«ወር ይቆያል አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ወር አትጠብቅም ነበር?»

ታናሽየው መሪው ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ታላቅየው ጀርባውን እያየ ጠየቀው።

«ሐኪሞቹ ስንት ጊዜ ነው ያሉህ?»

ሊዋሽ ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አልሆነለትም።

«ሁለት ሳምንት።»

ታላቅየው የማይሠራውን ሞተር የሚያዳምጥ ይመስል ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ልታንሸራሽረኝ ስታወጣኝ ከበሽታው የዳንኩ መስሎኝ ነበር።»