የማይደረስበት ገመድ

በያጁ ረጅም ነው፤ በር ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል። ሚስቱ ደግሞ ሚጢጢ ናት፤ ስሟም ቅጽሏም ይኸው ሆኖ ቀረ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ሁሉ ፈገግ ይላል፤ እሷም ትስቅ ነበር። ሳቋ የቀነሰው በምትሠራበት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ መሰርሰሪያው ሁለት ጣቷን ከበላ ወዲህ ነው።

መሰርሰሪያው አለት የሚበሳ፣ በደረት ትክክል የሚሽከረከር ዘንግ ያለው ማሽን ነው። ለማን ተብሎ እንደተሠራ እግዜር ይወቀው፣ ለሴት እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል። የሚሰጠው ጓንት ሰፊ፣ ካፖርቱ ሰፊ፣ ማሽኑን ድንገት የሚያቆመው ቀይ ገመድ ደግሞ ጣሪያ ሥር። ስለዚህ እዚያ የሚሠሩት ሴቶች የየራሳቸውን የእንጨት ሳጥን ተሸክመው ይወርዳሉ፤ እሱ ላይ ቆመው ነው የሚሠሩት። ሳጥኑን "ቁመቴ" ይሉታል። "እስቲ ቁመቴን አቀብዪኝ" እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ያን ቀን ግን ጓንቷ ዘንጉ ላይ ሲጠመጠም ሚጢጢ ከሳጥኑ ወደቀች። ሌላ ሰው ሮጦ ገመዱን እስኪጎትትላት ጣቶቿ ሄደዋል።

በያጁ ንዴቱን በብየዳ ተወጣው። ሚስቱን አቁሞ ለካ፣ ቧንቧ ቆረጠ፣ ደግሞ ለካ። ወገብ ላይ የሚደርስ፣ በዳሌ ገፋ ሲያደርጉት ማሽኑን ቀጥ የሚያደርግ አግዳሚ ብረት ሠራ። ከአንዱ መሰርሰሪያ ጀምሮ ለሁሉም በየደላቸው። ሴቶቹ ሳጥናቸውን ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ጥለው መውረድ ጀመሩ። ሚጢጢም ጣቶቿ ከሄዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ ወረደች።

የሠራተኞቹ አለቃ የካቦው ቦርጭ ግን ከብረቱ ጋር አልተስማማም። ባለፈ ቁጥር ይነካዋል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። የከነከነው ሳቁ ነው እንጂ የሥራው መጓተት አይደለም፤ ይህን ማንም ያውቃል። አንድ ጠዋት ብረቶቹን በመዶሻ ገነጣጥሎ ጣላቸው።

"ሳጥኖቻችን እኮ ላይ ቀርተዋል" አለች ሚጢጢ።

"ተንጠራሪያ! እምቢ ያለች ወደ ቤቷ!"

ሚጢጢ ማሽኑን አስነሳች። አንዷ ጓደኛዋ ግን ሹልክ ብላ ወጥታ ለበያጁ ነገረችው። እሱም የብየዳ መነጽሩን ከግንባሩ ሳያወልቅ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

"አንተ ነህ የነቀልከው?"

"እኔ ነኝ፣ ምን ታመጣለህ?" ካቦው ሳቀ። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም?"

በያጁ አፉን በቡጢ አለው። ካቦው ደሙን ከነጥርሱ ተፋና በመዶሻው ጎኑን መታው። ሚጢጢ "በእናትህ ተው!" እያለች መሀላቸው ገባች፤ ካቦው ገፈተራትና አለቱ ላይ ወደቀች። ይህን ሲያይ በያጁ የቀረችውም ማስተዋል ጥላው ጠፋች። ካቦውን በሁለት እጁ ደረቱን ይዞ ወረወረው።

የሚሽከረከረው ዘንግ የካቦውን ካፖርት እጅጌ ያዘ። መጀመሪያ ጨርቁን ጠመጠመ፣ ቀጥሎ ክንዱን። አጥንቱ ሲሰበር ከማሽኑ ጩኸት በላይ ተሰማ።

ሚጢጢ ተነስታ ወደ ገመዱ ዘለለች። በጎዶሎ እጇም በደህናውም ዘለለች፤ ገመዱ ከአናቷ በላይ ይወዛወዛል። "ጎትተው! ጎትተው እንጂ!"

በያጁ ክንዱን ቢያነሳ ይበቃው ነበር። አላነሳም። ፈርቶ አይደለም፣ ደንግጦም አይደለም። ያ ሰው ሲጮኽ ደስ አለው፤ ትንሽ ይጨምር ብሎ ቆመ። ሰይጣን አሳስቶት ነው እንዳንል፣ ሰይጣን እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።

ሚጢጢ የባሏን ቀበቶ ይዛ፣ ጉልበቱን ረግጣ፣ ትከሻው ላይ ወጣች፤ ገመዱንም ጎተተች። ማሽኑ ቆመ። ካቦው አልሞተም፤ ክንዱ ግን ከትከሻው በታች ተሰናብቶታል።

ማታ ቤታቸው ሚጢጢ የባሏን የተመታ ጎን በጨርቅ አሰረችለት። 

"ብረቱን መልሼ እበይድልሻለሁ" አላት። "አሁን ማንም አይከለክለኝም።"

"ለሌሎቹ በይድላቸው። እኔ ነገ ሳጥኔን ይዤ ነው የምወርደው።"

"ለምን?"

"እኔ ብዘል ብዘል እጄ ገመዱ ጋ አልደረሰልኝም" አለችው፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች። "ላንተ ግን ይደርስልህ ነበር።"