ከአገጭ በታች

ቅዳሜ ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አባይነሽ የገዛ ገላዋን አሰላ መሀል ከተማ በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየችው። ሰዓቱን አትረሳውም። ዐይኗን የምታሳርፍበት ቦታ ስታጣ ከበሩ በላይ ያለውን ሰዓት ነበር ስታይ የቆየችው።

ሠሪዋ ልጇ ማሂ ናት። ማሂ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሥዕል ታስተምራለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ከጀሶ፣ ከጆንያ፣ ከገብስ ገለባና ከአሮጌ ልብስ የሰው ገላ ትሠራለች። ሥዕል እንዳይሉት ከግድግዳው ጎልቶ ይወጣል፤ ሐውልት እንዳይሉት በክር የተሰፋ ነው። ሦስት ዓመት ለፍታ አምስት ሥራዎች ስትጨርስ አዳራሹን ለሦስት ቀን ፈቀዱላት። ኤግዚቢሽኑ ስለ ሰው ገላና ስለ ፍትወት መሆኑን በማመልከቻዋ ላይ በግልጽ ጽፋ ነበር። ፈቃዱን የፈረመው ሰው ማመልከቻውን አላነበበውም።

አራተኛው ሥራ ነው የአባይነሽ ገላ።

የተሠራው የካቲት ላይ፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ማሂ የመኝታ ቤቱን በር ዘግታ፣ እናቷን አልጋ ላይ አጋደመችና ቫዝሊን ቀባቻት፤ ከዚያ በጀሶ የተነከረ ፋሻ ከአንገቷ እስከ እምብርቷ ደራረበችባት። መጀመሪያ ቀዘቀዛት። ጥቂት ቆይቶ ግን መሞቅ ጀመረ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽብኝ? እየሞቀኝ ነው እኮ!»

«እየያዘ ነው እማዬ። ጀሶ ሲይዝ ይሞቃል። አትንቀሳቀሺ ብቻ።»

ባሏ መርሻ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያኔ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሐኪም በስተቀር ገላዋን የነካ እጅ የለም። «ልጆቿን ይዛ ቁጭ ያለች» እያለ ሀገሩ አመሰገናት፤ እሷም ምስጋናውን እንደ ጋቢ ተከናንባ ኖረች። አሁን ያ ሙቀት ደረቷ ላይ ሲያርፍ፣ ለንስሐ አባቷ እንኳ ያልተነፈሰችው ነገር ከአፏ ወጣ። ጣሪያውን እያየች፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ሁሉንም ተናገረች። ማሂ አላቋረጠቻትም። ጀሶው ደርቆ ከገላዋ ሲላቀቅ ብቻ፣

«የተናገርሽውን ልጻፈው?» አለቻት።

አባይነሽ ቀሚሷን እየቆለፈች ብዙ አሰበች። «ፊቴ ካልታየ። ስሜም ካልተጻፈ።»

«ከአገጭ በታች ነው የምሠራው። ከአገጭ በታች ማን ማንን ይለያል?»

በዚህ ተስማሙ። ሁለቱም ተሳስተው ነበር።

አባይነሽ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። በልጅነቷ ሳጉሬ ገበያ ላይ አንዲት ነቃሽ ነበረች፤ የዚያን ዘመን ሴት ልጆች ሁሉ በእሷ መርፌ ያለፉ ናቸው። አባይነሽ ግን ሦስተኛው መስመር መሀል ላይ ሲደርስ እሪ ብላ ተነስታ ሮጠች፤ መስመሩም እንደተቋረጠ ቀረ። በመስታወት ፊት ብዙ የማትቆም ሴት ናትና ስለሱ ካሰበች ዘመን የለውም። ማሂ ደግሞ እያየችው ያደገችው ነገር ስለሆነ እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ስም አላየችውም። በሰማያዊ ክር አሳምራ ሰፋችው፤ የተቋረጠውንም እንደተቋረጠ።

ያን ቅዳሜ የሴቶች እድሩ አባላት ሽማግሌ እንደተላከበት ቤት ነጭ ለብሰው መጡ። የአባይነሽ ልጅ ነገር አሳይታ ማን ይቀራል? የማሂ ወንድም ወንደሰንም ለስላሳ በሳጥን አስጭኖ መጥቶ፣ በር ላይ እንግዳ ይቀበል ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ከጆንያ የተሰፋ የወንድ ጀርባ ነው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ተሳሳቁ።

«ያ ረቢ!» አለች ጎረቤታቸው ራቢያ። «ወንድ እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ቤት ያለው ታዲያ ምንድን ነው?»

«ያንቺስ ጆንያው ብቻ ነው የቀረው!» አለቻት አንዷ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አባይነሽም ሳቀች። እስከ ሦስተኛው ድረስ አብራቸው እየሳቀች ሄደች።

አራተኛው ፊት ሲደርሱ ሳቁ በረደ። የደረቱ ጀሶ በአሮጌ ቀሚስ ላይ ተጣብቆ፣ ቀሚሱ ላይ ደግሞ ፊደል ተሰፍቷል። የእድሩ ሰብሳቢ ሐመልማል በመሠረተ ትምህርት ነው ማንበብ የተማረችው፤ ስታነብ በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ ነው።

«ባሌ ሲሞት... ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የሞተው እሱ ነው። እኔን... አብረው ቀበሩኝ። ገላዬ ግን... አልሞተም ነበር። ሌሊት የወንድ እጅ... ያምረኝ ነበር። ጠዋት ተነስቼ... ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።»

«ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለች አንዷ ከኋላ። ሐመልማል ግን አልሰማቻትም። ጣቷ ከፊደሉ ወደ ላይ፣ ወደ ሰማያዊው ክር ሄዶ ነበር። ያን ቀን ሳጉሬ ገበያ ላይ የአባይነሽን እጅ ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ዞር አለች።

«አባይ» አለች ቀስ ብላ። «ይቺ ሦስተኛዋ...»

አባይነሽ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች። መሳቧ ባሰ። የሁሉም ዐይን አንገቷ ላይ ዐረፈ። ወንደሰን የለስላሳውን መክፈቻ እንደያዘ በሴቶቹ መሀል ሰንጥቆ ገባ፤ ጽሑፉን አነበበ፣ የጀሶውን አንገት አየ፣ እናቱን አየ።

«እማዬ፣ ይሄ አንቺ ነሽ?»

አዎ ብትል የሠላሳ አንድ ዓመት ስሟ እዚያው ያልቃል፤ ልጇም ከነገ ጀምሮ ገበያ ላይ ቀና ብሎ አይሄድም። አይደለም ብትል ማሂ የእናቷን ገላ ለሀገር ያሰጣች ልጅ ትሆናለች። ማሂ ግድግዳው ሥር ቆማ እናቷን ታያለች። አባይነሽ ከበሩ በላይ ያለውን ሰዓት አየች።

«አንገቱ የእኔ ነው» አለች። «ስታየው ነው ያደገችው። ይህን ቃል ግን... እኔ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አምላክ ምስክሬ ነው።»

ወንደሰን ወደ እህቱ ዞረ።

«እውነቷን ነው» አለች ማሂ። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምርበት ያለ፣ የረጋ ነበር። «እሷ አታውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«የሞተ አባትሽን! ይቺን ምስኪን!» አለ ወንደሰን፤ ሥራውንም በሁለት እጁ ጎትቶ ጣለው። ጀሶው ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ እንደ ሸክላ አልጮኸም፤ ገለባ ስለነበረበት ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ በእግሩ ረገጠው። ሴቶቹ አባይነሽን ደግፈው አስወጧት፤ አንዷ ውሃ እየረጨችላት፣ አንዷ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለቻት።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ለማሂ ደውሎ እንዳትመጣ ነገራት። የወላጆች ስልክ በዝቶባቸዋል። ረቡዕ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አባይነሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«አንቺ እዚህ ነው የምትኖሪው እማዬ። እድሩም፣ ደብሩም፣ ወንዴም እዚህ ነው። እኔ መሄድ እችላለሁ።»

«ተቆጪኝ እንጂ። ስደቢኝ።»

ማሂ ሻንጣውን ዘጋችው። «ጀሶው ውስጥ ሆነሽ የተናገርሽ ጊዜ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። በአዳማ አድርጋ ድሬዳዋ ሄደች፤ እዚያ አንዲት ጓደኛ ነበረቻት።

አባይነሽ አራት ቀን እህል በደንብ አልቀመሰችም። እሁድ ግንቦት 25 እድሩ ሲሰበሰብ፣ መጨረሻ ላይ እጇን አውጥታ ተነሳች።

«እናንተ እህቶቼ፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ። አምላክንም ጠርቼ ዋሽቻለሁ። ያ ገላ የእኔ ነው። ቃሉም የእኔ ነው። አንድም ፊደል ልጄ አልጨመረችበትም።»

ሐመልማል ተነስታ ዕንባዋ እየወረደ አቀፈቻት።

«አዬ እናት! አያችሁ? የልጇን ኃጢአት ራሷ ልትሸከም!»

«አይደለም ሐመልማል፣ ስሚኝ...»

«እኛ እናውቅሻለን አባይ። ከእኛ ወዲያ ማን ያውቅሻል?»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አለች ሌላዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እንደ ወንደሰን ያለውንም፣ እንደዚያች ያለችውንም ያበቅላል።»

አባይነሽ ከግራ ጎድኗ በታች፣ ልጅ ሳለች ፍል ውሃ ያቃጠላት ትልቅ ጠባሳ አላት። ጀሶው ላይም ነበር፤ ሁሉም አይተውታል። ቀሚሷን ብትከፍት ይበቃ ነበር። እጇ እስከ ቁልፉ ሄደ። አንዱን ፈታች። ሐመልማል ግን እጇን ያዘቻት፣ «ሞቆሽ ነው፣ ተቀመጪ የኔ እናት» አለቻት፤ ራቢያ መስኮቱን ከፈተች። አባይነሽ ተቀመጠች። ሴቶቹ አንድ ሆነው አለቀሱላት። በዚያው ስብሰባ የእድሩ ምክትል ሰብሳቢ አድርገው መረጧት።

ማሂ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ በወባ ሞተች። የተቀበረችው እዚያው ነው፤ እናቷ የደረሰችው ከቀብሩ ማግስት ነው።