አራተኛዋ ካንዴላ

ልጅቷ ለሞተሩ እሳት የሚጭሩት አሮጌዎቹ ካንዴላዎች የወጡባቸውን ቀዳዳዎች አቧራ እንዳይገባባቸው በንጹህ ጨርቅ እየከደነች ነበር። እናቷ ቦርሳዋን ታቅፋ ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ነገ ጠዋት እናትየው የዓይን ቀዶ ሕክምና አላት፤ ሆስፒታሉ ያለው ከተራራው ማዶ ነው። ይህ ተራ ካለፈ ዓይኗ ሌላ ተራ እስኪደርስ ላይጠብቃት እንደሚችል ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል። መኪናዋ ግን ትናንት ከጋራዡ በላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን ዳገት እንኳ ሳትጨርስ እየተንገጫገጨች መልሳቸዋለች።

አባቷ ከአዲሶቹ አራት ካንዴላዎች አንዷን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞራት።

«ይቺ መርፌ ናት ካንዴላ?»

«ኢሪዲየም የሚባል ጠንካራ ብረት ናት አባዬ። ጫፏ ቀጭን ስለሆነ እሳቷ ጥሩ ነው። ቶሎም አትበላም።»

«እኔ የሸበትኩት በመዳብ ነው። መዳብ ይበላል፤ ሲበላ ግን ይነግርሻል።»

«እናንተ ስትመርጡ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይድናል» አለች እናት ከውስጥ።

አባት ሳቀ። እየሳቀም እጁ ወደ ለመደው ሄደ። እሳት የሚዘልበትን የካንዴላ ጫፍ ክፍተት በመለኪያ ለክቶ አያውቅም፤ ጫፏን የሥራ ጠረጴዛው ላይ በታሰረው የብረት መያዣ፣ ሞርሳው ላይ ቀስ አድርጎ ያንኳኳትና በድምፅዋ ያውቃል።

«አባዬ፣ ቆይ...»

ጠቅ አለች።

«ምንም አልሆነች። አስገቢያት።»

በዚህ ጋራዥ አባትን ማረም አልተለመደም። ልጅቷ ግን የተሰነጠቀ ጫፍ ዳገት መሐል ሞተሩ ውስጥ ሲወድቅ ታያት። ካንዴላዋን ተቀብላ ነጭ ጨርቅ ላይ ደፋቻትና በጥፍሯ ነካ አደረገቻት። የተሰበረ እርሳስ ጫፍ የምታክል ስባሪ ጨርቁ ላይ ወደቀች። ጨርቁን ወደ አባቷ አስጠጋችው።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች እናት። «ዝም ስትሉ እፈራለሁ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ?» አለ አባት፣ ዓይኑን ከጨርቁ ሳይነቅል። «እየለቀምን ነው።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጁን ጠየቃት፤ «ሦስቱን እናስገባና አንዷን በመዳብ እናሟላ?»

«ለዳገት ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑልኝ። መዳቦቹን ስጠኝ።»

«ቶሎ ይበላሉ ስትዪኝ አልነበር?»

«ለደርሶ መልስ አይበሉም።»

መሳቢያውን ከፍቶ አራት አዳዲስ የመዳብ ካንዴላዎች አወጣ። የመጀመሪያዋን እንደያዘ እጁ ወደ ሞርሳው ሊሄድ ጀመረና ቆመ። ካንዴላዋን ልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት።

«አንቺ ለኪ።»

ክፍተታቸውን እየለካች፣ መጀመሪያ በእጇ፣ ቀጥሎ በመፍቻ አጠበቀቻቸው። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ አንዴ አሳለና ድምፁን አስተካከለ። አባቷ ኮፈኑን ዘግቶ፣ ትከሻዋን መታ አድርጎ መሪው ጋ ተቀመጠ።

ልጅቷ የጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆማ አዳመጠች። መኪናዋ ትናንት የተመለሰችበት ቦታ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች። የሞተሩ ድምፅ ሳይቆራረጥ ዳገቱን ወጣ፣ ቀጠነ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ጠፋ።

ወደ ውስጥ ተመልሳ ሦስቱን ኢሪዲየሞች አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው ከተተች፤ መሳቢያውንም ዘጋችው።