ወደ ሾፌሮቹ የዞረው ስክሪን

ጋሽ አብተው ስክሪን ገዙ። አዳማ ሙሉ ይስማ፤ ከአዲስ አበባ በካርቶን የመጣ፣ ሃያ አራት ኢንች፣ ጠርዙ ቀጠን ያለ። የጭነት መኪኖች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸውና ሾፌር ባገኙበት ሁሉ «ከዛሬ ጀምሮ ተራ የሚወጣው በግልጽነት ነው» ሲሉ ሰነበቱ። ግልጽነት የምትለዋን ቃል ከአንድ ስብሰባ ነው ይዘዋት የመጡት፤ ከታሸገ ውሃው ጋር አብራ ሳትታደል አልቀረችም።

የተራ ጸሐፊዋ ዋፊቃ ናት። ሥራዋ ቀላል ነው። ማን ቀድሞ እንደገባ ላፕቶፗ ላይ ትመዘግባለች፣ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚጭን መኪና ሲፈለግ ከላይ ያለውን ትጠራለች። ችግሩ ከላይ ያለው ሰው ከላይ አይቆይም። ጠዋት አንደኛ የነበረው ጃዕፈር ከሰዓት አራተኛ ሆኖ ይገኛል፣ የጋሽ አብተው አማች መኪና ደግሞ ገና ጎማዋ ሳይቀዘቅዝ አንደኛ። ጋሼ ከኋላዋ መጥተው ጆሮዋ ላይ ይነግሯታል፣ እሷ ትጽፋለች። ሾፌሮቹ የሚያዩት የእሷን ጣት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ዋፊቃ ተራ ትሸጣለች ተባለ። ጃዕፈርማ እናቷ ሱቅ ድረስ ሄዶ፣ ልጅዎት ሀራም ነው የምታበላዎት ብሏቸው መጣ። እናቷ ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ ይዛ የገባችውን ዳቦ እንኳ አይነኩም። ስንቴ ማለች፣ ማን ይመናት።

ስክሪኑ የመጣ ቀን ምክር በነፃ ሆነ። ዋፊቃ ኬብሉን ላፕቶፑ ላይ ስትሰካ ስክሪኑ ሲግናል የለም ብሎ ጨለመ። ኦሊቃ የሚባለው ሾፌር መስኮቱን ተደግፎ ባትሪ ነው አለ፤ ይሄ ሰውዬ ራስ ምታትንም ባትሪ ነው የሚለው። ሌላው ገብቶ ስክሪኑን ከጀርባው ሁለቴ በመዳፉ መታው፣ የመኪናው ሬዲዮ እንደዚያ ነው የሚሠራለት። ጋሽ አብተው በበኩላቸው ዲቫይደሩ ላይ የተሰካው በዝቶ ነው ብለው የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ነቀሉት፣ ሒሳብ ሠራተኛው እየሠራበት ነበር። ዋፊቃ ከስክሪኑ ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጫነች፣ ኬብሉ የተሰካበትን መግቢያ መረጠች። በራ። ባትሪ ያለውም፣ የመታውም፣ የነቀሉትም፣ እኔ አላልኩም ወይ ተባባሉ።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ፊቱን ወደ ግቢው አዙረው አቆሙት፣ ሾፌር ከውጭ እንዲያነብ። ዋፊቃ አሳምራ ነበር ያሰበችው፤ እዚያ የተራ ዝርዝሩ ብቻ ይታያል፣ እሷ ላፕቶፗ ላይ ሥራዋን ትሠራለች። ዝርዝሩን ወደዚያ ሳትገፋው ጋሽ አብተው ወጥተው አዩት። ያለው የኮምፒውተሩ የጀርባ ሥዕል፣ ተራራና ሐይቅ ነው።

«ይሄን ሁሉ ከፍዬ ሐይቅ? ሐይቅ ካማረኝ ዝዋይ ቅርብ አይደል?»

ገና አልጨረስኩም፣ ዝርዝሩን አሁን እወስደዋለሁ አለቻቸው። መውሰድ ምናምን አልፈልግም አሉ፤ እዚህ ያለው እዚያም ይታይ፣ አንድ ይሁኑ፣ አለቀ።

«ጋሼ፣ አንድ ከሆኑ እኮ የምጽፈው ሁሉ እዚያ ይታያል። ስሰርዝም፣ ሳዘዋውርም።»

«ይታያ! ግልጽነት ስንል ምን ስንል ኖሯል?» አሉ፣ ውጭ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብለው። ተጨበጨበላቸው።

ዋፊቃ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነች። አንድ ሆኑ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ከመቂ ተደወለ። አንድ መኪና፣ አሁኑኑ። ከላይ ያለው ጃዕፈር ነው። ጋሽ አብተው እንደልማዳቸው ከኋላዋ መጥተው ጎንበስ አሉ። እሳቸውና ዋፊቃ ባሉበት በኩል የሚታየው የስክሪኑ ጀርባ ነው፣ ጥቁር ፕላስቲክ። ጀርባ ምን ያሳብቃል።

ጃዕፈርን ወደ አራት አውርጂው፣ የአማቼን መኪና አስገቢ አሏት። የዋፊቃ ጣቶች ቆሙ። ነግራቸዋለች፣ ጭብጨባም ወስደውበታል።

«ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ምን ልበል?»

«የሊቀመንበሩ ትእዛዝ በይ። ማን ያየዋል?»

«ካሉ እንግዲህ» አለችና ስሞቹን አዘዋውራ ምክንያቱን ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከነስማቸው። ፊደሉንም ተለቅ አደረገችው፣ ለዓይን እንዲመች።

ግቢው ጸጥ አለ። ጋሽ አብተው ደስ አላቸው፤ አየሽ ልጄ፣ ስክሪኑ እንዴት አደብ እንዳስገዛቸው አሏት።

ጃዕፈር መስኮቱ ጋ መጣ። ጋሼን ዞሮም አላያቸው።

«ዋፊቃ፣ እህቴ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እናትሽ አሁን ሱቅ ናቸው?»

ናቸው አለችው።

«ሄጄ አፉ በሉኝ እላቸዋለሁ። ከዚያ መቂ እሄዳለሁ።»

ማን ነው መቂ የሚሄደው፣ ተራው ነው እንዴ አሉ ጋሽ አብተው። ኦሊቃ ከውጭ ሆኖ በትሕትና መለሰላቸው፦

«ጋሼ፣ ይውጡና ያንብቡት። ስምዎት በትልቁ ነው ያለው።»

ጋሽ አብተው ወጡ። ለአንድ መስመር ጽሑፍ ብዙ ቆሙ። እሳቸው እያነበቡ ዋፊቃ የጃዕፈርን ስም ከአራት ወደ አንድ መለሰችው፣ ቀስ አድርጋ፣ ሁሉም እያየ።