አሥራ ሁለት ሰከንድ

ሰባተኛው ቅርጫት ከመነሻው አይታይም። ወርዋሪው የሚቆመው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ፣ ዱዌይን ኬስለር በገዛ እጁ ባፈሰሰው የሲሚንቶ መደብ ላይ ነው። ከፊቱ የጥድ ረድፍ አለ። ከጥዱ ማዶ ተማሪው በእግርም በብስክሌትም የሚያልፍበት መንገድ ይሻገራል። ከመንገዱ ወዲያ፣ ከኩሬው አፋፍ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ቆሟል። ጨዋታው ከእጅ የሚወረወር ክብ የፕላስቲክ ዲስክ በጥቂት ውርወራ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። እዚህ ዲስኩ በጥዱ አናት አልፎ፣ ወደ ግራ ታጥፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሰባተኛው ላይ ብቻውን የሚጫወት የለም። አንደኛው ቀድሞ ይወርድና ከባሉጡ ዛፍ ሥር፣ ወርዋሪውም መንገዱም ከሚታዩበት ቦታ ይቆማል። ግራና ቀኝ ያያል። መንገዱ ባዶ ሲሆን ክንዱን ያነሣል። ወርዋሪው ክንዱን ካየ በኋላ እስከ አምስት ቆጥሮ ሳይጨርስ መወርወር አለበት፤ አምስት ካለፈ ጮኾ እንደገና ይጠይቃል። ዱዌይን ይህን ደንብ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ከመደቡ አጠገብ ከተከለው አሥር ዓመት ሆኖታል።

ዱዌይን የኮሌጁ ግቢ ሠራተኛ ነበር፤ ሣር ያጭዳል፣ በረዶ ይጠርጋል፣ የወደቀ ዛፍ ይቆርጣል። አብሮት የሚጫወተው ኦሪን ቴቭት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነው። ኦሪን ትምህርት አስተምሮ አያውቅም፤ ዱዌይን ግን «ፕሮፌሰር» እያለ ነው የሚጠራው፤ ምክንያቱም ኦሪን ሳይመዝን የሚያስቀምጠው፣ ሳይቆጥር የሚያልፈው ነገር የለም። ሁለቱ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ አሥራ ስምንቱንም ቅርጫት ይዞራሉ።

በግንቦት መጀመሪያ ሐሙስ ከመደቡ ላይ ሲደርሱ ዱዌይን በሁለት ውርወራ ይመራ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ክንድህን እስክታነሣ ድረስ ጢሜ እንዳይሸብት» አለ፣ የሱፍ ቅርፊት እንትፍ እያለ።

«ጢምህ ድሮ ሸብቷል።»

«በማን ምክንያት ሆነና!» ጭቃ የያዘውን ቦት ጫማውን ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር አጋጨ። ክር የሌለው፣ በጎንና በጎኑ ላስቲክ ያለው ጫማ ነው፤ ክር ሲያስሩ የሚውሉ ሰዎች ሥራ የላቸውም ይል ነበር። «ከጨዋታ በኋላ የምንበላውን የፓይ ኬክ ዛሬ የምትከፍለው አንተ ነህ። የቼሪ። ትልቁን ቁራጭ።»

«ገና አሥራ ሁለት ቅርጫት ይቀራል።»

«ውረድ፣ ውረድ። ቁጥርህን እዚያ ቁጠር።»

ኦሪን ወረደ።

አንድ ነገር ለዱዌይን ነግሮት አያውቅም። ካለፈው ዓመት መስከረም ጀምሮ፣ ከባሉጡ ሥር በቆመ ቁጥር፣ ሰዓቱንና በመንገዱ ላይ ያየውን ሰው ብዛት በኪስ ደብተሩ ይመዘግብ ነበር። ክፍል የሚለቀቀው ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይና ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ ለስምንት ደቂቃ መንገዱ ይሞላል፤ ከዚያ ይደርቃል። እነሱ ሰባተኛው ላይ የሚደርሱት አሥር ሰዓት ከሃያ አካባቢ ነው። በሃያ ስምንት ሐሙሶች፣ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አንድም ሰው አላለፈም። ኦሪን ከየካቲት ወዲህ መንገዱን ትቶ የእጅ ሰዓቱን ማየት ጀምሮ ነበር። ስንፍና አልመሰለውም። በቁጥር የተረጋገጠን ነገር ደግሞ በዓይን ማረጋገጥ ድግግሞሽ መሰለው።

በዚያ ሐሙስ ሰዓቱን አየ፤ አሥር ከሃያ አንድ ይላል። ባለፈው ሳምንት የጠፋበት ብርቱካናማ ዲስክ ከባሉጡ ግርጌ ባለው ሐረግ ውስጥ እንደሚሆን ሲያስብ ስለሰነበተ፣ በቀኝ እግሩ ቅጠሉን እየገለጠ ግራ ክንዱን አነሣ። የዲስኩ ጠርዝ ብልጭ አለ። ጎንበስ አለ። በዚያው ቅጽበት የዱዌይን ውርወራ በላዩ ላይ ሲያፏጭ ሰማ፤ ቀጥሎ አንድ ደረቅ ድምፅ፣ ጣውላ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ፤ ቀጥሎ ብስክሌት ሲወድቅ።

ፈተና የተጀመረበት ሳምንት ነበር። በፈተና ሳምንት ክፍል የሚለቀቀው በሌላ ሰዓት ነው። የፈተናውን ሰሌዳ ጠዋት በቤተ ሙከራው በር ላይ የለጠፈው ኦሪን ራሱ ነው።

ልጅቱ ታሊያ ብራንት ትባላለች፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዲስኩ ከጆሮዋ በላይ መታት፤ ስትወድቅ ደግሞ ጭንቅላቷ የመንገዱን ጠርዝ አገኘው። ዱዌይን ከጉብታው ሲሮጥ ወርዶ አጠገቧ ተንበረከከ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እዚሁ ነኝ» ይላል ደጋግሞ። ኦሪን አምቡላንስ ጠራ። አድራሻውን፣ የቅርቡን በር፣ ልጅቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ሳይሳሳት ተናገረ። ብርቱካናማው ዲስክ በእጁ ነበረ። ጀርባው ላይ የራሱ ስምና ስልክ ተጽፏል፤ የጠፋ ዲስክ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ይደውል ዘንድ ሁሉም እንደሚጽፈው።

በነጋታው የግቢው ደኅንነት ኃላፊ ወይዘሮ ፕሩዊት ኦሪንን ለብቻው አስጠራችው።

«አቶ ቴቭት፣ ምልክቱን የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ክንድዎን ከማንሣትዎ በፊት መንገዱን አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ባዶ ነበር።»

ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው። ቀጥሎ የተናገረው ግን ታስቦ ነው የወጣው።

«ታዲያ ልጅቱ ከየት መጣች?»

ለኦሪን ከሕሊናው በፊት ስሌቱ ደረሰለት። ከቤተ መጻሕፍቱ ማዕዘን እስከ ባሉጡ ሰባ እርምጃ ነው። ብስክሌት በመደበኛ ፍጥነት ቢሄድ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጅበታል። መንገዱ ባዶ ነበር ከተባለ፣ በክንዱና በውርወራው መካከል ከዘጠኝ በላይ ማለፍ አለበት።

«ዱዌይን ቆየ» አለ። «አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል።»

ወይዘሮ ፕሩዊት ጻፈችው። «ቆጥረው ነበር?»

«ሁልጊዜ እቆጥራለሁ።»

ማክሰኞ ሁለቱንም አንድ ላይ በኮሚቴ ፊት አቀረቧቸው። ወይዘሮ ፕሩዊት የኦሪንን ቃል አነበበች። ዱዌይን ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ሲሰማ ቆየና ወደ ኦሪን ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«አሥራ ሁለት ነው ያልከው?»

ኦሪን ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ወዲያው የወረወርኩ መስሎኝ ነበር» አለ ዱዌይን ለኮሚቴው። «ግን እሱ አሥራ ሁለት ካለ አሥራ ሁለት ነው። ይህን ሰው አታውቁትም። የመድኃኒት ጠብታ ቢወድቅበት ስንተኛዋ እንደሆነች ይነግራችኋል።» ከዚያ ቅንድቡን ሰብስቦ ወለሉን ሲያይ ቆየ፤ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው። «የጫማዬን ክር ሳስር ይሆናል። አዎ። ክንዱን አየሁ፣ ጎንበስ ብዬ ክሬን አሰርኩ፣ ከዚያ ወረወርኩ። እንደገና መጠየቅ ነበረብኝ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ኦሪን ወደ ጠረጴዛው ሥር አየ። ያው ቦት ጫማ ነው፤ ላስቲኩ በግራው በኩል ተተርትሯል። በክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ። እግሩን ያየ ከኦሪን ሌላ አልነበረም። ኦሪን ቀና ብሎ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እስከ መጨረሻውም አልተናገረም።

ዱዌይን ፈረመ። ኮሌጁ ከሥራ አሰናበተው፤ የመጨረሻ ሁለት ሳምንቱን ግን ሥራ ሰጠው። ሜዳው ይፈርሳል ተብሎ ስለተወሰነ አሥራ ስምንቱን ቅርጫት እሱ ራሱ ይንቀል ተባለ።

ልጅቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዙም፤ ቃልም አልተነፈሰችም። ሐኪሞቹ ተስፋም አልሰጡ፣ አልነሡም። ዱዌይን ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ይህን ኦሪን የሰማው ከሌሎቹ የግቢ ሠራተኞች ነው፤ ከዱዌይን ጋር ከማክሰኞው ወዲህ አልተነጋገሩም። ሐሙስ መጥቶ ያልፋል። ኦሪን ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ በማግስቱ ከፍቶ አየው፤ መልሶ ቆለፈው። አደጋው በደረሰበት ዕለት ጠዋት፣ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ከየካቲት ወዲህ እንደ ለመደው የዕለቱን መዝገብ አስቀድሞ በቀለም ጽፎ ጨርሶ ነበር፦ «ሰባተኛ። አሥር ከሃያ። ባዶ።»

በሦስተኛው ሐሙስ ወደ ሰባተኛው ወረደ።

ዱዌይን በመዶሻ የቅርጫቱን እግር ሲሚንቶ እየሰበረ ነበር። አሥራ ሰባቱ ተነቅለው በጭነት መኪናው ላይ ተጋድመዋል፤ ሰንሰለቶቻቸው ተጠላልፈዋል። ሰባተኛውን ለመጨረሻ ያቆየው ይመስላል፤ ስምንተኛውም ዘጠነኛውም ቀድመውት ተነቅለዋል።

«ፕሮፌሰር» አለ ቀና ሳይል። «ልታግዝ ነው ወይስ ልትቆጥር?»

«አላየሁም» አለ ኦሪን።

«ምኑን?»

«መንገዱን። ክንዴን ሳነሣ መንገዱን አላየሁም። ዲስኬን ስፈልግ ነበር። አንተ ወዲያው ነው የወረወርከው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው።»

ዱዌይን መዶሻውን አቆመና ተደገፈው። ላቡን በክርኑ ጠረገ። «ተው እንግዲህ። ስለ እኔ ብለህ እንዲህ አትሁን። ያለቀ ነገር ነው።»

«ስለ አንተ ብዬ አይደለም።»

«አሥራ ሁለት ብለህ ያስጻፍከው አንተ ነህ። አንተ ያልቆጠርከውን ቁጥር አትናገርም።»

«ያንን ቁጥር ከብስክሌቱ ፍጥነት ነው ያወጣሁት። ውሸቱ እንዲገጥም።»

«እኔ ክሬን ሳስር አስታውሳለሁ።»

«ጫማህን እየው፣ ዱዌይን።»

ዱዌይን ወደ ታች አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ዱዌይን አንድ እግሩን ትንሽ አነሣ፤ የሌላ ሰው እግር እንደሆነ ሁሉ አገላብጦ አስተዋለውና መልሶ አስቀመጠው።

«አየሁት እኮ» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ክሩን አየሁት። ቡናማ ክር ነው። ግራው ተፈቶ፣ ጎንበስ ብዬ... ሌሊት ሌሊት ያንን ነው የማየው። ሆስፒታል ሄጄ ለልጅቱ እናት ነገርኳት። ከአልጋው ማዶ ተቀምጣ፣ ‹ልጄን ለዚህ ያደረሳት ምንድን ነው?› ብላ ጠየቀችኝ፤ ‹የጫማዬ ክር ነው› አልኳት። እጄን ያዘች፣ ታውቃለህ? እጄን ይዛ፣ ‹ሰው ነህ፣ ማንም ይሳሳታል› አለችኝ።»

ኦሪን ዓይኑን ወደ ተሰባበረው ሲሚንቶ መለሰ።

«ይቅርታዋን ተቀብዬ ነው የመጣሁት» አለ ዱዌይን። «በሌለ ክር።»

«እነግራታለሁ። ለወይዘሮ ፕሩዊትም ለእናትየዋም እነግራለሁ።»

«ሥራዬን ይመልሱልኛል?»

«አላውቅም።»

«ልጅቱስ ትናገራለች?»

ኦሪን ፊቱን ወደ ኩሬው አዞረ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብተህ ከረምክ» አለ ዱዌይን። አልጮኸም። «ሥራህን ልቀቅ፣ ጡረታህንም ታጣለህ ቢሉኝ እንኳ እችለው ነበር። ቤት አጣ፣ ሥራ አጣ ይባላል። እኔ ግን ያየሁትን አጣሁ። ከእንግዲህ ያየሁት ነገር ሁሉ አየሁት ወይስ አንተ ነገርከኝ እያልኩ ልጠይቅ ነው።» መዶሻውን አነሣ። «ሂድ። አሁን ሂድ። እዚህ ቆመህ አትቁጠርብኝ።»

ኦሪን ወደ ቢሮዎቹ ሕንፃ አቀና። ከኋላው መዶሻው ሲሚንቶውን ይመታል፤ ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ ምት ይንቀጠቀጣል፤ ዲስክ ሲገባበት የሚያሰማው ያ ደስ የሚል ድምፅ ነው። መንገዱ ዳር ሲደርስ ቆመ። ሰዓቱ አሥር ከሃያ ነበር። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። አንዲት ልጅ በብስክሌት መጣች፤ እስክታልፍ ጠበቀ። ሌላም ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ደግሞ አየና ተሻገረ።

ወይዘሮ ፕሩዊት ቢሮዋን ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ቆማ አገኛት።

«አንድ ቁጥር ላርም ነው የመጣሁት» አለ።

«የቱን ቁጥር?»

«አሥራ ሁለቱን።»

ፊቱን አየችውና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መዝገቡን አወጣች፤ ገጹን አገኘች፤ ብዕር አነሣች። «በስንት ይታረም?»

«በሁለት።»

ጻፈች። ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ቀና ብላ ስትጠብቅ፣ ቁጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ኦሪን አወቀ፤ ቁጥር ሆኖ የሚወጣ ሌላ ነገር ግን አልቀረውም።

«መንገዱን አላየሁም ነበር» አለ። «ይህንንም ይጻፉት።»