የፍል ውሃው ድንጋይ

ሾውካት የዶክተሯን መኪና ስታይ የለቀመችውን ብርቱካን ከነቅርጫቱ ጥላ ወደ በሩ ሮጠች። ራምሳር ከተማ ውስጥ ፍል ውሃው አጠገብ ያለው የአትክልት ቦታዋ ፍሬ ጨረር አለበት ተብሎ ከተወራ ወዲህ አንድም ነጋዴ ደጇን አልረገጠም። የቀራት ተስፋ የዚህች የጨረር ባለሙያ ምርመራ ነበር።

"እናቴ፣ ደስ ይበልዎት" አለች ዶክተር ፋርሃንጊ ገና ከመኪናው ሳትወርድ። "ፍሬዎ ንጹሕ ነው። ከሌላ አገር ብርቱካን የሚለየው ነገር የለም።"

ሾውካት ግንባሯን ሳመቻት፤ ወሬኛውን ሁሉ ረገመች። ሻይ ሳትጠጪ አትሄጂም ብላም እየጎተተች የቤቱ ምርጥ ወደሆነው የምራቷ ክፍል አስገባቻት። ልጃቸው ሲያገባ ሟቹ ባሏ ከፍል ውሃው ሥር ድንጋይ እየፈለጠ፣ በጀርባው እየተሸከመ የሠራው ክፍል ነው። ያ ድንጋይ አጥንት ያሞቃል ስለሚባል የሰፈሩ ሰው ቤት የሚሠራበት ለሚወደው ነው።

ምራቷ ማህሩ ከባድ ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ዶክተሯ ቦርሳዋን አጠገቧ ስታስቀምጥ፣ ውስጡ ያለው፣ ማጥፋቱን የረሳችው የጨረር መለኪያ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር።

ሾውካት ብርቱካኑ መስሏት ለእንግዳዋ የቀረበውን የፍሬ ሳህን አንስታ ወደ ውጭ ሮጠች። ድምፁ ግን አልቆመም። ስትመለስ ዶክተሯ መለኪያውን ግድግዳው ላይ አስጠግታ አገኘቻት።

"እዚህ የሚተኛው ማነው?"

ማህሩ ጀርባዋን ከግድግዳው አላቀቀች።

ዶክተሯ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ባለ ቤት ኖረው ምንም ያልሆኑ ሰዎች እንዳሉ ነገረቻቸው፤ እርጉዝ ሴት ግን ባትተኛበት ይሻላል አለች። ሾውካት ግማሹን አልሰማችም። ማህሩ ወገቤን አመመኝ ባለች ቁጥር "ግድግዳውን ተደገፊ፣ ይሻልሻል" ስትላት የከረመችው እሷው ናት።

እንግዳዋ እንደሄደች የልጇንና የምራቷን ፍራሽ ተሸክማ ከጭቃ ወደተሠራው የራሷ ክፍል ወሰደች፤ የራሷን ይዛ ተመለሰች።

"እማዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች ማህሩ።

"እኔ ከእንግዲህ አልወልድ። ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመው ሰውዬ ደግሞ ቤቱ ወና ሲሆን ቅር ይለዋል።"

ፍራሿን ከግድግዳው ሥር ዘረጋች። ቆማ አየችውና አንድ ክንድ ያህል ወዲህ ሳበችው።